ወንድሜ የላካቸው ቀያይ ሞላዎች

መኪናዬ ሦስተኛ ማርሽ ትተፋ ነበር። ከሰቆጣ ወጥቼ ዳገቱን ስጀምር የማርሹን ዘንግ በቀኝ እጄ ተጭኜ ካልያዝኩት ገጭ ይልና ይወጣል፤ ሞተሩ ብቻውን ይጮኻል፤ መኪናዋም ወደ ኋላ መንሸራተት ያምራታል። ስለዚህ ግራ እጄን ለመሪው፣ ቀኝ እጄን ለማርሹ ሰጥቼ ትከሻዬ እስኪደነዝዝ እነዳለሁ። ዘንጉ ደግሞ ረጅምና የላላ ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ለማሳለፍ ክንዴን ዘርግቼ ቦታውን መፈለግ ነበረብኝ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ አየት አድርጋኝ «መኪና የምትነዳ ሳይሆን ገንፎ የምታገነፋ ነው የምትመስለው» አለችኝ።

ሰቆጣ ውስጥ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ። መኪናዋን ያገኘኋት ወደ ደሴ ከተዛወረ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አፍንጫዋ አጭር፣ አራት ሰው ተጠጋግቶ የምትይዝ፣ ከተማሪዎቼ ብዙዎቹን በዕድሜ የምትበልጥ ትንሽ መኪና ናት። በጦርነቱ ጊዜ የተረፈችው ጎማዋን አውልቀን፣ ጋዝጊብላ አማቴ ግቢ ውስጥ ጭድ ከምረንባት ነው። ከዚያ ወዲህ ጭዱ ከየቀዳዳዋ ተለቅሞ አላለቀም። ማራገቢያውን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ሁለት ገለባ ፊቴ ላይ ይመጣል።

ባለቤቴም መምህርት ናት፤ ትንንሾቹን ነው የምታስተምረው። ከተፈናቀልንበት ስንመለስ የተገኘው አንድ የጭነት መኪና ብቻ ስለነበር ሴቶቹ ከእህል ጆንያው በላይ ተቀመጡ። አንድ ጉድጓድ ላይ መኪናው ሲነጥር እሷ ወደቀች። ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ «ምንም አልሆንኩም» ብላ ተመልሳ ወጣች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ማለት አቃታት። ሐኪሙ ዲስክ ነው አለን፤ ከጀርባ አጥንቷ መሐል ያለው ነገር ተንሸራቶ ነርቭ እየተጫነ ነው። ቀዶ ጥገና አያስፈልጋትም፤ ግን በየወሩ ወልድያ እየሄደች ወገቧን የሚያሠራት ባለሙያ ዘንድ መታየት አለባት።

በጋዝጊብላ በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ለመዳን የሚኬድበት መንገድ ራሱ ያሳምማል። ጋቢ አጥፌ ከወገቧ ሥር አደርግላታለሁ፤ ወንበሯን ወደ ኋላ እለጥጥላታለሁ፤ ድንጋይ እየመረጥኩ፣ ማርሹን እየታገልኩ እወስዳታለሁ። ሐኪም ቤት ስንደርስ እሷ በሕመም፣ እኔ በድካም፣ ሁለታችንም ስማችንን ለመናገር እንኳ አቅም እናጣለን። በማግስቱ እንመለሳለን፤ በወሩ እንደገና።

ታናሽ ወንድሜ ሳውዲ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በእግሩ ወጥቶ፣ በረሃውንም ባሕሩንም እንደምንም አልፎ ገባ፤ አሁን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የሚሠራው የጎረምሶች መኪና የሚያሳምር ጋራዥ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ወለል ይጠርግ ነበር፤ ኋላ ቁልፍ ማቀበል ጀመረ፤ አሁን ራሱ ይፈታል፣ ይገጥማል። እነዚያ ጎረምሶች ደህናውን መኪና አምጥተው ከፋብሪካ የወጣበትን ዕቃ ያስወልቁና የፈጠነውን፣ ያጠረውን፣ የጠነከረውን ያስገጥሙበታል። ወንድሜ ስለዚህ ሥራ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። ስለ ሌላው ኑሮው ሲጠየቅ «ደህና ነኝ ጋሼ» ብቻ ነው መልሱ።

አንድ ዓርብ፣ የዕረፍት ቀኑ ነው፣ ደወለ።

«ጋሼ፣ ያቺ መኪና አሁንም ማርሽ ትተፋለች?»

«ትተፋለች።»

«እትዬስ? መንገዱ ላይ የቱ ጋ ነው የሚብስባት?»

ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠኋት። እሷ ስለ ራሷ ሕመም መናገር አትወድም፤ እሱ ግን ሲጠይቃት ትመልስለታለች። ሲሄድ እንደ ልጇ ነበር።

«መታጠፊያው ላይ ነው» አለችው። «መኪናዋ ወደ ጎን ጋደል ስትል ወገቤ የሚጠመዘዝ ይመስለኛል።»

«በቃ ገባኝ። እኔ አስተካክላታለሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ፎቶ እንድልክለት ይጠይቀኝ ጀመር። ከመኪናዋ ሥር ተንጋልዬ ገባሁ፤ ዝገቱ ዓይኔ ውስጥ እየረገፈ በስልክ ፎቶ አነሣሁ። የማርሹን መሠረት ፈትቼ አነሣሁ። የሞተሩን ቁጥር ጽፌ ላክሁ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ብዙም አላጓጓኝም፤ ከትምህርት ቤት የተረፈኝን ጉልበት የሚወስድ ሌላ ሥራ ነበር። እሱ ግን ሲያወራ ደስ ስለሚለው እሺ እላለሁ።

በሦስተኛው ወር ዕቃው መጣ። ያመጣችው ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ አገሯ የምትገባ የፃግብጂ ሴት ናት። ሰቆጣ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኋት። አንድ ትልቅ ሻንጣ ብቻ ይዛለች። እዚያው አውቶቡሱ ጥግ አጋድማ ስትከፍተው ከላይ አንድ ብርድ ልብስ፣ ከሥሩ አራት ቀይ የተቀቡ የብረት ሞላዎች፣ አንድ አጭር የማርሽ ዘንግ ከነመቀመጫው፣ በፌስታል የተጠቀለሉ፣ በብረት መጋጠሚያ መሐል የሚገቡ ጠንካራ ጎማ መሳይ ቦኮላዎች ነበሩ። የራሷ ልብስ በትንሽ ዘንቢል ነው።

«የእኔ እኅት፣ ሻንጣሽን በሙሉ በዚህ ሞላሽው?» አልኋት።

«ምን ላድርግ መምህር? አይሮፕላኑ የሚፈቅደው ያህሉን ነው» አለች። «ታምሜ ከሥራ ቤቴ የወጣሁ ጊዜ ከሌሎች የአገሬ ሴቶች ጋር ያስጠጋኝ ወንድምዎ ነው። ዕቃ ላድርስልህ ያልኩት እኔ ነኝ። ብረት መሆኑን ግን ኋላ ነው የሰማሁ።» ሳቀች። «ፍተሻው ላይ ሦስት ጊዜ አስከፈቱኝ። አንዱ ይህ ምንድን ነው ሲለኝ ‹የወንድሜ መኪና እግር ነው› አልኩት።»

ወደ ፃግብጂ የምትሄድበት መኪና እስኪሞላ አብሬያት ቆምኩ። ፊቷ የደከመ ነበር፤ ግን ዞር ዞር እያለች ሰውን ሁሉ ታያለች። የሚቀበላት ሰው አልመጣም። «ቀኑን አልነገርኋቸውም፤ ድንገት ልግባ ብዬ ነው» አለችኝ።

ከተማው ጫፍ ላይ ያሉት መካኒክ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሥር የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከመኪናው ጋር በኽምጣኛ ነው የሚያወሩት። አንዱን ቀይ ሞላ አንሥተው ከመኪናዋ ሞላ ጎን አቆሙት። በአንድ ስንዝር ያጥራል። በሁለት እጃቸው ተጫኑት፤ ንቅንቅ አላለም።

«መምህር፣ ይሄ ለአስፋልት የተሠራ ነው። መኪናዋን ዝቅ ያደርጋታል፣ ያደርቃታል። እዚህ አገር ምን ሊያደርግልህ ነው?»

«መታጠፊያ ላይ እንዳትጋደል ነው። ባለቤቴ ወገቧን ያማታል።»

«ለወገብ የሚሻለው ልስልሱ ነው።»

«ወንድሜ ነው የላከው» አልኩ። «ሥራው ነው፤ ያውቃል።»

«የት ነው ያለው?»

«ሳውዲ።»

ሽማግሌው ሞላውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት፤ እንደ ዕንቁላል። «የእኔም ሴት ልጅ እዚያው ናት» አሉ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተቃወሙም። ቱታቸውን ለብሰው ክሪኩን ከመኪናዋ ሥር አስገቡ።

ሁለት ቀን ፈጀብን። ሞላ ማፈኛ መሣሪያ ስላልነበራቸው ሰንሰለትና ሁለት ረጃጅም ቡሎን ነው የተጠቀሙት፤ ሞላው ታፍኖ ሳለ ካመለጠ ሰው ይገድላል እያሉ ከአጠገባቸው ያባርሩኛል። የማርሹን ሥራ ግን አብሬያቸው ሠራሁ። አሮጌው ዘንግ ሲወጣ ሥሩ ያለው ቦኮላ አልቆ እንደ በሶ ዱቄት ሆኖ ነበር። ያ ሁሉ ማማሰል፣ ያ ሁሉ የትከሻ ሕመም የመጣው የአውራ ጣት ጥፍር ከምታህል ያለቀች ጎማ ነው። የማርሽ ሣጥኑንም ከፍተው ማርሹን የሚያንሸራትተውን ሹካ አስተካከሉልኝ። ሲጨርሱ «አሮጌዎቹን ሞላዎች ውሰዳቸው» አሉኝ። «ይጣሉ» አልኩ።

ተቀመጥኩና ፍሪሲዮኑን ረግጬ ማርሽ አስገባሁ። ጠቅ አለ። ክንዴ አልተንቀሳቀሰም፤ የእጄ አንጓ ብቻ ነው ዘንበል ያለው። ሁለተኛ፣ ጠቅ። ሦስተኛ፣ ጠቅ፤ አልተፋችም። ከጋራዡ እስከ ከተማው መውጫ ነዳሁ፤ አስፋልቱ ሲያልቅ ዞሬ ተመለስኩ፤ እንደገና ሄድኩ። መታጠፊያው ላይ መኪናዋ መሬቱን ነክሳ ዞረች፤ ትንሽ እንኳ አልተጋደለችም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለሦስተኛ ጊዜ ዞሬ ስሄድ ብቻዬን ስስቅ ራሴን ሰማሁት።

ባለቤቴን በከተማው ውስጥ አዞርኋት። «እውነትም አትጋደልም» አለች። የዚያኑ ዕለት ለወንድሜ ደወለችለት። «እንደ አልጋ አድርገሃታል» አለችው። የሳቁ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ቤቱን ሞላው።

በቀያዮቹ ሞላዎች የመጀመሪያው የወልድያ ጉዟችን ጠዋት ተጀመረ። አስፋልቱ ላይ ባለቤቴ ውጪውን ታያለች። ኮረኮንቹ ሲጀምር ግን መኪናዋ ሌላ ሆነች። ድሮ የምትውጠውን እያንዳንዷን ጠጠር አሁን ተቀብላ ታቀብላለች። ድንጋዩ ጎማውን ሲመታ እኔ መሪው ላይ ይሰማኛል፤ እሷ ጀርባዋ ላይ። ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ በሁለት እጇ ጨብጣ ከወንበሩ ከፍ ብላ ተንጠለጠለች። ዝቅ ያለችው መኪና ሆዷ በየጉብታው ይፋተጋል።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም። መንገዱን እይ።»

ጋዝጊብላ ገብተን ዳገቱ ሲመጣ «ትንሽ አቁምልኝና ልራመድ፤ እግሬ ደንዝዟል» አለች። ወርዳ ነጠላዋን አስተካክላ መንገድ ጀመረች። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ እህልና ዶሮ የያዘ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። እሷ ከገበያተኛው ጋር ትሄዳለች፤ እኔ በአንደኛ ማርሽ ከኋላ እከተላለሁ። አንዲት እናት ጠጋ ብለው በኽምጣኛ አንድ ነገር ጠየቋት፤ እሷም መልሳ ሁለቱም ሳቁ። ስትገባ «ምን አሉሽ?» አልኋት።

«‹ባልሽ ተጣልቶሽ ነው ወይስ መኪናው ደክሞት?› አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«‹ሁላችንም ደክሞን ነው› አልኋቸው።»

በዚያ ጉዞ አራት ጊዜ ወርዳ ተራመደች። እኔ ሁሉንም ጊዜ የደነዘዘ እግሯን ልታፍታታ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ማመን የሚፈልገውን ለማመን ብዙ ማስረጃ አይጠይቅም፤ ለተማሪዎቼ የማስተምረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ያ አጭር ዘንግ በእጄ ሲገባ ደስ ይለኝ ነበር። ከጠመኔና ከፈተና ወረቀት በቀር እጄ የነካው ነገር እንዳሰብኩት ከታዘዘልኝ ዘመን አልፎ ነበር። ትከሻዬ አያመኝም። መታጠፊያ ሲመጣ ውስጤ ይነቃል። ከጎኔ የተንጠለጠለችውን ሴት ግን በዓይኔ ጥግ ብቻ ነበር የማያት።

በሁለተኛውም ወር እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ወር ቀጠሮዋ ሲደርስ «ተሽሎኛል፤ የዚህን ወር ልዝለለው» አለች። ደስ አለኝ። ከሕመሟ ይልቅ ከመንገዱ ማረፌ ነው ያስደሰተኝ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በአራተኛውም ወር ስለ ቀጠሮ አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁም።

አንድ ሰኞ ለምሳ ከትምህርት ቤት ስመጣ ቤቱ ዝም ብሏል። ምሳዬ ተከድኖ ተቀምጧል። ከሽፋኑ ላይ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አለ፤ «ነገ እመለሳለሁ። አትቆጣ» ይላል፤ የእሷ የአንደኛ ክፍል ጽሑፍ፣ ፊደሉ ተለቅ ተለቅ ያለ። ወጥቼ ጎረቤታችንን ጠየቅኳት።

«ወልድያ ሄደች እኮ፤ በአውቶቡስ» አለችኝ። «ባለፈውም ወር በአውቶቡስ ነው የሄደችው፤ አንተ የፈተና እርማት ብለህ ላሊበላ የሄድክ ጊዜ። አልነገረችህም እንዴ?»

ምሳውን አልበላሁትም። ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። አንድ ተማሪ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ምልክት መገልበጡን ነግሮኝ አጠፋሁት፤ መልሼ ያንኑ ጻፍኩት።

በማግስቱ ከሰዓት መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅኋት። መኪናዋን አልያዝኩም። አውቶቡሱ አቧራ ለብሶ ገባ፤ መስኮቱን ሁሉ ስፈልግ መሐል ላይ፣ ከፊትና ከኋላ ጎማዎች እኩል በሚርቀው ወንበር ላይ አየኋት። ስታየኝ አልደነገጠችም። የደረጃውን ብረት ይዛ ቀስ ብላ ወረደች። ቦርሳዋን ተቀበልኋት።

ጥቂት እንደሄድን «ለምን?» አልኋት።

«አውቶቡሱ ይሻለኛል። መሐሉ ላይ ከተቀመጥኩ አይነጥርም። መኪናዋ ግን ትሰብረኛለች።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እንደ አልጋ ነው አላልሽውም እንዴ?»

«ለእሱ ምን ልበለው? ያቺ ምስኪን ሴት ልብሷን በዘንቢል አድርጋ ያመጣችውን ብረት አውልቁልኝ ልበል?»

«እሺ፣ ለእኔስ?»

አንድ ባጃጅ እስኪያልፈን ወደ መንገዱ ዳር ጠጋ አለች።

«አንተ ስትነዳ ደስ ብሎህ አየሁ» አለች። «ከስንት ዘመን በኋላ። ማርሹን ስታስገባ ከንፈርህን እንዲህ ታደርጋለህ፤ አታውቀውም። ከጦርነቱ ወዲህ እንዲያ ስትሆን አይቼህ አላውቅም። ወገቤ እንደሆነ በአልጋም ላይ ያመኛል።»

መንገዱ መሐል ቆምኩ። ላስተባብል ፈልጌ ነበር፤ አላውቅም ነበር ልላት። አልቻልኩም። «ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም» አልኋት። «ስትወርጂና ስትራመጂ እያየሁ ነው የቆየሁት።»

«እሱንም አውቃለሁ» አለች። ከዚያ ክንዴን ያዘች። ያዘችኝ ስል ይቅር ያለችኝ ይመስላል፤ መንገዱ ቁልቁለት ስለነበር መደገፊያ ፈልጋ ነው። ቤት እስክንደርስ ግን አልለቀቀችኝም።

ቅዳሜ መኪናዋን ወደ ሽማግሌው መካኒክ ወሰድኳት። ገና ከመውረዴ «ሞላዎቹ ናቸው» አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም። ከቤታቸው ጓሮ ገብተው አሮጌዎቹን አራቱን ይዘው መጡ። አልጣሏቸውም፤ ዘይት ቀብተው በጆንያ ጠቅልለው አስቀምጠዋቸዋል።

«ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማሁዎትም» አልኩ።

«እኔም ደግሜ አልነገርኩህም» አሉ። «ልጄ አንድ ጊዜ ብርድ ልብስ ላከችልኝ። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ያሳክከኛል። ደወለች። ‹አባዬ ይሞቃል?› ስትል ‹ይሞቃል› አልኋት። ውሸት አይደለም።» ከዚያ ወደ መኪናዋ ሥር ገቡ።

አሮጌዎቹ ሞላዎች የደከሙ ስለነበሩ ከጭነት መኪና ጎማ ወፍራም ቀለበት ቆርጠው ከላይና ከታች አደረጉባቸው። የላካቸውን ጠንካራ ቦኮላዎች ከኋላ ብቻ ተዉአቸው፤ እነሱ መጋደሉን ትንሽ ይቀንሳሉ አሉ። ጎማዎቹንም ነፋሳቸውን ቀነስ አደረጉልኝ። ማርሹን አልነኩትም። «ይሄ ግን የእጅ አዋቂ ዕቃ ነው» ብለው አጭሩን ዘንግ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ የፈረስ አንገት የሚመቱ ይመስል።

የቀረው ለወንድሜ መንገር ነበር። ዓርብ ድረስ ዘገየሁ። ዓርብም ቀድሞኝ እሱ ደወለ።

«ጋሼ፣ መኪናዋ እንዴት ናት?»

«ሞላዎቹን አስወጣኋቸው።»

«ተሰበሩ?»

«አልተሰበሩም። እትዬህን ጎዷት። ድንጋዩን ሁሉ ወገቧ ላይ አመጡባት።»

 ከበስተጀርባው የአየር ማቀዝቀዣ ሲያጓራ ይሰማል።

«እሷ እኮ እንደ አልጋ ነው ብላኝ ነበር።»

«እንዳይከፋህ ብላ ነው።»

 ቀጥሎ «ቆይ፣ መንገዱ እስካሁን ኮረኮንች ነው እንዴ?» አለ።

«አንዳንድ ቦታ ተሠርቷል። የቀረው አንተ ስትሄድ እንደነበረው ነው።»

«እኔ አልቋል ብዬ ነበር ጋሼ። እዚህ ያለ የአገራችን ሰው ሁሉ መንገድ ተሠራ፣ መንገድ ተሠራ ሲል ነው የምሰማው። አሥራ ሁለት ዓመት እኮ ነው። እስካሁን አይቀርም ብዬ ነበር።» ድምፁ ወረደ። «እኔ ሁሉንም ነገር አስፋልት አድርጌ ነው የማስበው።»

 ባለቤቴ እጇን ዘረጋችና ስልኩን ወሰደች።

«ስማ» አለችው። «ዋሸሁህ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ማርሹ ግን እውነት ነው። ወንድምህ ማርሽ ሲያስገባ ክንዱ አይነቃነቅም፤ ትከሻውንም አያመውም። ይህን አልዋሸሁም።»

እሱ ምን እንዳላት የሰማሁት ኋላ ነው። «እትዬ» አላት፣ «እዚህ የምሠራውን መኪና በር ላይ አድርሼ እመለሳለሁ፤ ማን እንደሚቀመጥበት አላውቅም። ያንቺን ግን አንቺ ወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ እያየሁሽ ነው የመረጥኩት።» እሷም «አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የዋሸሁህ» ብላዋለች። ሲያወሩ ቆዩ። ስልኩን ስትመልስልኝ ጆሮዋ ቀልቶ ነበር። «ምን ልላክላችሁ?» ሲላት «ምንም አትላክ፤ መምጣት ከቻልክ ራስህ ና» እንዳለችውም ነገረችኝ። መጥቶ አያውቅም። ወረቀት የለውም፤ ከወጣ መመለስ አይችልም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። እሷም እያወቀች ነው ያለችው።

ቀይ ሞላዎቹ በመጡበት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከአልጋችን ሥር አሉ። አንድ የሚኒባስ ሾፌር የሚገዛቸው ሰው እንዳለ ነግሮኝ ነበር፤ እሺ አላልኩትም። ለምን እንደማስቀምጣቸው ባለቤቴ አልጠየቀችኝም።

አሁን በየወሩ እንሄዳለን፤ ባለሙያው በቅርቡ በሁለት ወር አንዴ ይበቃል ብሎናል። ድናለች ማለት አልችልም። ዕቃ ከመሬት ስታነሣ አሁንም ተንበርክካ ነው። ክፍል ውስጥም ቆማ ማስተማር ስለማትችል ወንበር ይዛ ትገባለች፤ ልጆቹ ወንበሯን ለመሸከም ይጣላሉ። እኔም እንደ ድሮው አልነዳም። መታጠፊያውን እንደ ሬሳ ተሸካሚ ነው የምዞረው። ዘንጉ በእጄ ሥር ጠቅ ሲል ደስታው አልጠፋም፤ ግን አሁን ከንፈሬን ምን እንደማደርግ ስለማውቅ አፍራለሁ፤ እሷም ወደ መስኮቱ ዞራ ትስቃለች።

ባለፈው ስንሄድ ዝናብ ጥሎ ስለነበር አቧራው ተኝቷል። የጋዝጊብላን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እየወጣሁ ሳለ ወሬዋ ተቋረጠ። ዞር ብዬ ሳያት አንገቷ ወደ በሩ ዘንበል ብሎ፣ አፏ በጥቂቱ ተከፍቶ ተኝታለች። በዚህ መንገድ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት አይቼ አላውቅም። ማራገቢያውን ዘጋሁት፤ ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ ከኋላዬ ጥሩምባ የነፋብኝን የጭነት መኪና በእጄ ምልክት አሳለፍኩት። ሾፌሩ ሲያልፍ አንድ ነገር ተናገረኝ። እኔም ደክሞኝ ነበር። የሳምንቱ ድካም፣ የመንገዱ ድካም፣ ነገ ደግሞ ያንኑ መንገድ የመመለሱ ድካም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጠች።

«ደረስን?»

«ገና ነን።»

«እሺ» አለችና ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ስባ መልሳ ተኛች።